ዱራ ብቻ የበላ ሰው

መጀመሪያ የታየው አንገቱ ላይ ነው። ባሌ አዱኛ ሱዳን ውስጥ ቁረይሻ በሚባል ቦታ ከነበረው የዱራ አጨዳ በተመለሰ በሳምንቱ፣ ሊታጠብ ሸሚዙን ሲያወልቅ፣ በአንገቱ ዙሪያ የቀበቶ ስፋት ያለው ቀይ ቆዳ ዞሮ አየሁ። የሁለቱ እጆቹ ጀርባም ቀልቶ ነበር። ከእጅ አንጓው እስከ ጣቶቹ፣ ግራውም ቀኙም እኩል፤ ጓንት ያጠለቀ ይመስላል።

«ያምሃል?» አልኩት።

«በርበሬ እንደነሰነሱበት ያቃጥለኛል» አለኝ። «ፀሐዩ ነው። እዚያ ጥላ የሚባል የለም።»

እኔም ፀሐይ ነው ብዬ አመንኩ። ከስደተኛ ካምፑ ራሽን ዘይት ቀባሁት፤ ሌላ ምን ነበረኝ? ይህን እኔ እየተናገርኩ የምትጽፈው ልጄ ዓለም ዛሬ ነርስ ናት። «እማዬ፣ ያን ቀን የሚያውቅ ሰው አይቶት ቢሆን አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር» ትለኛለች። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። የሚያውቁ የተባሉ ሰዎች አይተውታል። አንዴ አይደለም፣ ደጋግመው።

ከጭልጋ የወጣነው በሰባ ሰባቱ ረሃብ ነው። ስንነሣ አምስት ነበርን፤ እኔ፣ አዱኛ፣ እናቱ እማማ ውባለ፣ አራት ዓመት የሞላት ልጃችን ስንዱ፣ እና ጡት የምትጠባው ዓለም። ድንበሩን አልፈን ሱዳን፣ ገላባት የገባነው አራት ሆነን ነው። ስንዱ መተማ ሳንደርስ በተቅማጥ ሞተችብን። አዱኛ በዱላና በእጁ ጭሮ ቀበራት። ከዚያ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበረከከና ተሳለ።

«ተመልሼ ዐፅምሽን ቤተ ክርስቲያን እስካገባ ድረስ፣ ከቂጣና ከጨው በቀር በአፌ አይገባም» አለ።

አጠገቡ ቆሜ ሰማሁት። በዚያ ሰዓት ለሰው ምን ይባላል?

ያረፍንበትን ካምፕ ስሙን አልጠራም። ከገዳሪፍ በሎሪ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ራሽናችን ዱራ ነበር፤ ሱዳኖች ማሽላን ዱራ ይሉታል። ዘይትና ጨው ይጨመርበታል፣ ሲገኝ ደግሞ ምስር። ምስር ለመብሰል ብዙ እንጨት ይፈጃል፣ እንጨት ለመልቀም ደግሞ ከጠዋት እስከ ቀትር ይኬዳል። ስለዚህ እንደ ሌሎቹ ሴቶች እኔም የምስሩን ግማሽ ገበያ አውጥቼ በስኳርና በሻይ ቅጠል እለውጠው ነበር። የቀረውን እኔና እማማ ውባለ እንበላዋለን። እኔ አጥቢ ስለሆንኩ፣ በእናቶች ዳስ በየቀኑ ወተት የገባበት አጥሚት እጠጣለሁ፤ እዚያው ጠጥቶ መውጣት ነው እንጂ ይዞ መውጣት ክልክል ነበር።

አዱኛ ስለቱን ጠበቀ። ጠዋት የዱራ ቂጣ በጨው፣ ማታ የዱራ ቂጣ በጨው። ቁረይሻ አጨዳ ላይ በነበረበት ጊዜም አሠሪው የሚያቀርበውን የባሚያ ወጥ ወደ ጎን እየገፋ ደረቁን የዱራ ቂጣ ብቻ ይበላ እንደነበር አብረውት የሠሩት በኋላ ነገሩኝ። ትልቅ ጾመኛ ነው ብለው ያከብሩት ነበር።

በመጋቢት ቀይ የነበረው ቆዳ ጠቆረ። ተሰነጠቀ። ወደ ካምፑ ክሊኒክ ይዤው ሄድኩ። ሰልፉ ረጅም ነበር። የቆዳ በሽታ የሚያየው ልጅ እጁን አገላብጦ አየና ቅባት ሰጠን፣ በካርድም ላይ ጻፈልን። «ፀሐይ ላይ አትቀመጥ» አለው። ጥላ ያለው ቤት የሰጠን ይመስል።

ቅባቱ ምንም አልፈየደም። በሳምንቱ ከንፈሩ ተሰነጠቀ፣ ምላሱ ጥሬ ሥጋ መሰለ። ውኃ ሲጠጣ እንኳ ፊቱን ያጨማድዳል። ተቅማጥ ጀመረው። እንደገና ሄድን። «የሆድ ከሆነ በዚያኛው ጠረጴዛ ነው» ተባልን። በዚያኛው ጠረጴዛ ያለችው ሴት የተቅማጥ ክኒንና በውኃ የሚበጠበጥ ዱቄት ሰጠችን፣ ሌላ ካርድም ጻፈች። የመጀመሪያውን ካርድ አሳየኋት። «ይኼ የቆዳ ነው፤ እኔ የማየው ሆድ ነው» አለችኝና መለሰችልኝ።

እግዜር ይይላት ብዬ አልረግማትም፤ ከጀርባችን ያለው ሰልፍ እስከ ውኃው በርሜል ይደርስ ነበር። ግን እጁ ፊቷ ላይ ነበር። አንገቱ ፊቷ ላይ ነበር። ቀና ብትል ታየዋለች።

ቀጥሎ እንቅልፍ ከለከለው። ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ዓይኑ ሳይከደን ይነጋል። አዱኛ ዝምተኛ ሰው ነበር፤ አሁን ግን የሚያጉረመርም፣ በትንሹ የሚቆጣ ሆነ። ውኃ ልቅዳ ብዬ ስወጣ ከማን ጋር ልትገናኚ ነው ይለኛል። የጎረቤት ስም ይጠፋበታል። አንድ ቀን እጄን ይዞ «ሴትዮ፣ ይታይሽ የት ሄደች?» አለኝ። ይታይሽ እኔ ነኝ።

ሦስተኛ ጊዜ ክሊኒክ ወሰድኩት። ይህኛው የጤና ሠራተኛ ጥያቄ ጠየቀው፤ ዛሬ ምን ቀን ነው፣ የት ነው ያለኸው። አዱኛ አንዱንም አልመለሰም። ሰውዬው በአዲስ ካርድ ላይ አንድ ቃል ጻፈና ወደ እኔ ዞረ።

«ለአእምሮ ሕመም መድኃኒት እዚህ የለንም» አለ። «ብዙ ሰው በደረሰበት ነገር አእምሮው ይነካል። ጸበል ውሰጂው።»

«ቆዳውስ? ሆዱስ?» አልኩት።

«ለእነሱ ካርድ አለሽ አይደል?»

ሦስት ካርድ ይዤ ወጣሁ።

እማማ ውባለ ደግሞ የራሳቸው መልስ ነበራቸው።

«ልጄን ምን አብልተሽው ነው?» አሉኝ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ።

«ከቂጣ በቀር ምን ይበላል፣ እማማ? እርስዎም ያያሉ።»

«ታዲያ ቂጣው ውስጥ ምን ጨመርሽበት?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቂጣውን እሳቸው ይጋግሩለት ጀመር። ከእጄ እንዳይበላ አደረጉ። ከራሳቸው ድርሻ እየቀነሱ፣ ከእኔ በበለጠ ብዙ ዱራ አበሉት። በፍቅር ነው ያደረጉት። አሁን ሳስበው እጄን ያስነክሰኛል። ጥያቄያቸው ልክ ነበር፤ ምን በላ ብሎ መጠየቅ ነበር የሚያስፈልገው። እኔ ግን የሰማሁት ስድቡን ብቻ ነው፤ ራሴን ለመከላከል ስሟገት ጥያቄው አለፈኝ።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት የሆነውን በአጭሩ እናገራለሁ።

ቀትር ነበር። ከውኃ ስመለስ ዓለም የለችም። አዱኛም የለም። እማማ ውባለ ደጅ ተቀምጠዋል። «አባቷ አይደል የወሰዳት» አሉ። ወደ መንገዱ ሮጥኩ። አላየሁትም። ወደ እርሻው ሮጥኩ። ባዶ ነው። ፀሐዩ መሬቱን ያነደዋል። ስሙን ጠራሁ። ስሟን ጠራሁ። ድምፄ ጠፋ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሱዳናዊ የትራክተር ነጂ አመጣቸው። ከካምፑ ራቅ ብሎ፣ ወደ ድንበሩ በሚወስደው መንገድ ዳር አግኝቷቸው ነው። ዓለም ከንፈሯ ደርቆ ነበር። አታለቅስም። ጡቴን ስሰጣት መጀመሪያ አልያዘችም። ከዚያ ያዘች።

«ወዴት ነው የወሰድካት?» አልኩት።

«ስንዱን አገሯ ላገባት» አለኝ።

ሰዎች ተሰበሰቡ። «እሰሪው» አሉኝ። አሰርኩት። እጁ የቆሰለ ነውና በነጠላዬ ጠቅልዬ ከላዩ በገመድ አሰርኩት። እኔው ነኝ ያሰርኩት። ሌላ ሰው እንዲያስረው አልፈለግሁም።

የዳነው በሐጃ ዘይነብ ምክንያት ነው። ሐጃ ዘይነብ የጎንደር ሰው ናቸው፤ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ሱቅ ነበራቸው፣ በየሳምንቱ በሎሪ ጨርቅና ሳሙና እየጫኑ ካምፑ ገበያ ይመጣሉ። ምስሬን በስኳር የምለውጠው ከእሳቸው ነበር። አዱኛን ታስሮ ሲያዩት ቆሙ። እጁን አዩ። አንገቱን አዩ።

«ይኼ ሰው ምን ሆኖ ነው?»

«አበደ» አሉ እማማ ውባለ።

«እብደት ቆዳ ይልጣል እንዴ?» አሉ ሐጃ ዘይነብ። ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ዕቃዬን ስጨርስ ሎሪው ላይ ጫኝው። ገዳሪፍ ሆስፒታል እናስገባዋለን።»

ከካምፑ ለመውጣት የጉዞ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ቢሮ ሄጄ ለመንኩ። ለቀዶ ሕክምና ብቻ ነው የሚሰጠው ተባልኩ። ቆስሏል አልኩ። ካርድሽን አሳዪ አሉኝ። ሦስቱን አሳየሁ። የጤና ሠራተኛው የጻፈውን ያን አንድ ቃል፣ እብደት የሚለውን፣ አነበቡና በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያለ ወረቀት ወጣን፤ ዓለምን አዝያለሁ፣ እማማ ውባለ ጎጆው ጋ ቀሩ። ኬላ ላይ ወታደሩ የአዱኛን የታሰረ እጅ አይቶ «መጅኑን?» ሲል፣ ሐጃ ዘይነብ ከፊት ወንበር ሆነው ጮኹበት፤ «መጅኑን አይደለም፣ መሪድ ነው!» እብድ አይደለም፣ በሽተኛ ነው ማለታቸው ነው። በወራት ውስጥ ባሌን በሽተኛ ብሎ የጠራ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ሰማሁ። በዚያ ሎሪ ላይ፣ በሳሙና ካርቶኖቹ መካከል፣ አለቀስኩ።

የገዳሪፉ ሐኪም ቀጭን፣ መነጽር ያደረጉ፣ ከሰው ጋር ብዙ የማያወሩ ሱዳናዊ ነበሩ። ሐጃ ዘይነብ አስተረጎሙልን። ሐኪሙ ገመዱን ፍቱ አሉ። እጆቹን ጎን ለጎን አድርገው አዩ። የሸሚዙን ኮሌታ ገለጡ። ምላስህን አውጣ አሉት። ስለ ሆዱና ስለ እንቅልፉ ጠየቁኝ። ከዚያ ማንም ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቁኝ።

«ምን ይበላል?»

«ዱራ» አልኩ።

«ዱራ በስ?» አሉ። ዱራ ብቻ?

«ዱራ ብቻ።»

«ስንት ወር?»

ቆጠርኩ። ከስንዱ ሞት ጀምሮ ግማሽ ዓመት አልፎት ነበር። ከዚያም በፊት ቢሆን አገር ቤት ምን ነበረንና።

ሦስቱን ካርዶች ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ደረደሩ። ለረጅም ጊዜ አዩአቸው። የተናደዱ መሰለኝ።

«ይኼ ሦስት በሽታ አይደለም» አሉ። «አንድ ነው። ፔላግራ ይባላል። ቆዳን፣ አንጀትን፣ አእምሮን በአንዴ ይይዛል። ቢቆይ ኖሮ ይሞት ነበር።»

«መድኃኒት አለው?»

«ክኒን ነው። አእምሮው በቀናት ውስጥ ይመለሳል። ቆዳው ሳምንታት ይፈልጋል።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ አላለኝም። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። በቀናት! የታሰረው፣ የተሰደበው፣ እኔ ቂጣው ውስጥ ነገር ጨመረች የተባልኩት፣ ልጄ በፀሐይ ልትሞትብኝ የነበረው፣ በቀናት ለሚድን ነገር ነው? ሐኪሙ ያለቀስኩት በደስታ መስሏቸው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ዓለም ነርስ ከሆነች በኋላ ያን ጊዜ በባሌ ሰውነት ውስጥ ምን ይደረግ እንደነበር አስረዳችኝ፤ ለእናንተም እንዳለችኝ እነግራችኋለሁ። በምግብ የምንወስደው ፕሮቲን ሆዳችን ውስጥ ሲፈጭ አሚኖ አሲድ ወደሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች ይበታተናል። ከእነሱ አንዱ ትሪፕቶፋን ይባላል። ሰውነት ራሱ ሊሠራው አይችልም፣ ከምግብ ብቻ ነው የሚያገኘው። ከዚህ ከአንዱ ነገር ሁለት ትልልቅ ሥራዎች ይሠራሉ። ጉበት ከእሱ ኒያሲን የሚባለውን ቫይታሚን ይሠራል፤ ያለ ኒያሲን የሰውነት ሕዋስ የበላነውን ወደ ጉልበት መለወጥ አይችልም፤ መጀመሪያ የሚጎዱትም ቶሎ ቶሎ የሚታደሱት ቆዳና አንጀት፣ ብዙ ጉልበት የሚፈጀውም አእምሮ ናቸው። አእምሮም በበኩሉ ከዚያው ከትሪፕቶፋን ሴሮቶኒን ይሠራል፤ እንቅልፍን፣ ቁጣን፣ የልብን ሐዘንና ደስታ ከሚያስተካክሉት ነገሮች አንዱ ነው።

ዱራ ውስጥ ያለው ትሪፕቶፋን ጥቂት ነው። ሉሲን የሚባል ሌላ አሚኖ አሲድ ግን በብዛት አለው። ሁለቱ ወደ አንጎል የሚገቡት በአንድ በር ስለሆነ ብዙው ጥቂቱን ይጋፋዋል። የሉሲን ብዛት ኒያሲን መሥራቱንም ያውካል የሚሉ አሉ፤ በዚህ ግን ባለሙያዎቹ ሁሉ አንድ ቃል እንዳልሆኑ ዓለም ነግራኛለች። ዱራ መጥፎ እህል ነው እያልኩ አይደለም። ዕድሜ ልካችንን በልተነዋል፣ ዛሬም እንበላዋለን። ከወተት፣ ከጥራጥሬ፣ ከሥጋ ጋር ሲበላ ምንም አይልም። ብቻውን ወራት ሲበላ ነው ሰውን የሚያሳብደው። ባሌ ሆዱ ሞልቶ ነበር የሚራበው። ለዚህ ነው ማንም ያልጠረጠረው።

ክኒኑ ኒኮቲናማይድ ይባላል፤ የኒያሲን ዓይነት ነው። ከቢ ኮምፕሌክስ ጋር በቀን ደጋግመን ሰጠነው። በሁለተኛው ቀን ውኃ ሲጠጣ ፊቱን አላጨማደደም። ተኛ፤ እንደ ሰው ተኛ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ዓይኑን ከፍቶ እጁ ላይ ያለውን የገመድ ምልክት ተመለከተ።

«ማነው ያሰረኝ?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ዓለምን ይዘህ ሄደህ ነበር።»

ጣሪያውን ያያል።

«ጠባች?» አለኝ።

«ጠባች።»

ዓይኑን ጨፈነ። እንባው በጆሮው በኩል ወረደ። ይታይሽ ብሎ በስሜ ጠራኝ።

እዚህ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር። አላበቃም። ሐኪሙ ባቄላና ወተት እንዲሰጠው አዘዙ። አእምሮው የተመለሰለት ሰው ስለቱም አብሮ ተመለሰለት። ሳህኑን ወደ ጎን ገፋው። ሐኪሙ በማግስቱ አይተው ተቆጡ። «ክኒኑ ያቆመዋል እንጂ አያኖረውም። ምግቡን ካልቀየረ በሽታው ይመለሳል» አሉ። እኔ ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አልቅሼም አየሁ። ጤነኛው አዱኛ ከእብዱ የባሰ ግትር ሆነብኝ። የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ፤ እብዱን አስሬው ነበር፣ ይህን በምን ልሰረው?

ቄስ ፈልገው ያመጡልኝ ሐጃ ዘይነብ ናቸው። እሳቸው እስላም ናቸው፤ ቄሱ የት እንዳሉ ግን ከእኔ በተሻለ ያውቁ ነበር። አባ መንገሻ ገዳሪፍ ውስጥ ከስደተኞች ጋር በአንድ ግቢ የሚኖሩ፣ ያረጁ ሰው ነበሩ። መጥተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሁሉን ነገርኳቸው።

«የተሳለው እሱ ነው፤ ፍታኝ ብሎ መጠየቅም ያለበት እሱ ነው» አሉኝ። ወደ አዱኛ ዞሩ። «ምን ትላለህ፣ ልጄ?»

«ልጄን ሜዳ ላይ ጥዬ እኔ ወተት ልጠጣ፣ አባ?» አለ።

ያን ጊዜ ነው ትዕግሥቴ ያለቀው። «ያቺን ትቆጥራለህ» አልኩት። «ይቺንስ ለማን ነው የምትተዋት? አንዴ ፀሐይ ላይ ጥለሃታል። ሁለተኛ ብትታመም ማን ይመልስልኛል?» ዓለምን ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት።

አባ መንገሻ መስቀላቸውን እያገላበጡ ቆዩ።

«ስለትህን አላፈርስብህም» አሉ በመጨረሻ። «እለውጥልሃለሁ። በምግቡ ፋንታ በየቀኑ ስገድ፣ አገርህ እስክትገባ። ለመስገድ ግን ጉልበት ያስፈልጋል፤ አሁን መቆም እንኳ አልቻልክም። ጉልበት እንዲኖርህ የሰጡህን ብላ። ይኼ ትእዛዝ ነው።»

ባቄላውን በላ። እያለቀሰ በላ።

ከሆስፒታል ስንወጣ ሐጃ ዘይነብ ግቢያቸው ውስጥ አንድ ረኩባ፣ ማለትም የሣር ዳስ ሰጡን፣ ለእኔም ኦቾሎኒ የመፈልፈል ሥራ ሰጡኝ፤ ሐኪሙ ኦቾሎኒ ለዚህ በሽታ ከሁሉ የሚሻል ርካሽ ምግብ ነው ብለው ስለነበር ከደመወዜ ይልቅ የተፈለፈለውን በጣሳ እንዲሰጡኝ ጠየቅኳቸው፣ እሳቸውም ሁለቱንም ሰጡኝ። የአንገቱና የእጁ ቆዳ እንደ እባብ ቆዳ ተገፎ ከሥሩ ለስላሳ ሮዝ ቆዳ ወጣ፤ ከስር የቀረው ጠቆር ያለ ምልክት ግን እስከ ዕድሜው መጨረሻ አልጠፋም። እግሮቹ ወራት ሙሉ ሲዝሉ፣ ሲደነዝዙ ከረሙ፤ ቁጣው አንዳንድ ቀን ሳይታሰብ ይመለስና ራሱ ደንግጦ ይቅርታ ይለኛል፤ ስም መርሳቱም ቀስ እያለ፣ መጀመሪያ የእናቱ፣ ቀጥሎ የጎረቤቶቹ፣ በመጨረሻም ከቁረይሻ አብረውት የነበሩት አጫጆች ስም እየተመለሰለት ተስተካከለ። ከአጥሩ ጥግ በየጠዋቱ ሲሰግድ ኦቾሎኒ እየፈለፈልኩ አየዋለሁ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ጊዜ ብቻ ሰግዶ ይቀመጥ የነበረ ሰው ከክረምቱ በኋላ አልቆጥረው እስክል ድረስ ሰገደ።

እማማ ውባለን ለማምጣት ወደ ካምፑ ስመለስ ከሐኪሙ የተጻፈ ወረቀት ይዤ ነበር። ክሊኒኩ ገብቼ ሰጠኋቸው። አንብበው «እሺ» አሉኝና አስቀመጡት። እሺ ብቻ! ስለዚህ በረድፍ በረድፍ ጎጆዎቹ መካከል ሄድኩ፣ የሰው አንገትና እጅ እያየሁ። አገኘኋቸው። ብዙ አልነበሩም፣ ግን ነበሩ፤ የቀሉ እጆች፣ የተሰነጠቁ ከንፈሮች፣ «ባለቤቴ ሰው መጥላት ጀምሯል» የምትል ሴት። ከእኛ ጎጆ በሦስተኛው የነበሩ አንድ አዛውንት ግን እኛ ገዳሪፍ ሳለን ሞተዋል። የተቅማጥ ሞት ተብሎ ተቀበሩ። እጃቸውን አስታውሳለሁ። ጥቁር ነበር። እኔም በየቀኑ አልፌያቸው እሄድ ነበር፤ ያኔ አላወቅሁም። ያገኘኋቸውን ሰብስቤ በአንድ ቀን ክሊኒኩ በር ላይ አቆምኳቸው፣ እጃቸውንም አዘረጋኋቸው። ያን ጊዜ ወረቀቱ ከመሳቢያ ወጣ። በወሩ ክኒኑ መጣ። ለሁሉም በራሽን ላይ የሚጨመር ጥራጥሬ የመጣው ግን ብዙ ዘግይቶ ነው።

እማማ ውባለ ይቅርታ አላሉኝም። ልጃቸው በስማቸው ሲጠራቸው ጉልበቱን ይዘው አለቀሱ፣ ለእኔ ግን ስለዚያ ነገር አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ከዓመታት በኋላ ገዳሪፍ አረፉ። ይህ ዛሬም ይቆረቁረኛል፤ ድኜበታለሁ ብዬ አልዋሽም። አዱኛም ሰላም ሲሆን አገር ገብቶ የስንዱን መቃብር ፈለገ፤ መንገዱ ተቀይሮ፣ ዛፉ ተቆርጦ፣ ቦታውን አጣው። ከአካባቢው አፈር ዘግኖ ቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ አስገባ። ቄሶቹ ይበቃል አሉት። እስኪሞት ብዙ ዓመት ከእኔ ጋር ኖረ፤ የሞተውም በሌላ በሽታ፣ በአልጋው ላይ፣ ሁላችንንም በየስማችን እየጠራ ነው።

ስሙን የማላውቀውን የትራክተር ነጂ አመሰግናለሁ። ምን ይበላል ብለው የጠየቁትን ሐኪም አመሰግናለሁ። አባ መንገሻን አመሰግናለሁ። ሐጃ ዘይነብን ግን በምን ቃል እንደማመሰግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም፤ ነፍሳቸውን ጀነት ያኑርልኝ።

በቅርቡ በገዳሪፍ በኩል ወዳለው የኡም ራኩባ ስደተኛ ካምፕ ሌሎች ሰዎች፣ ሌላ ጦርነት አባሯቸው፣ ሲገቡ አየሁ። ይህን ያናገረኝ እሱ ነው። የምታስታምሙት ሰው እጁና አንገቱ ቀልቶ፣ አፉ ቆስሎ፣ ሆዱ ተበላሽቶ፣ ጠባዩ ከተለወጠባችሁ ሦስቱንም ለአንድ ሐኪም በአንድ ጊዜ ተናገሩ፤ ለየብቻ እንዲያዩላችሁ አትስማሙ። የሚበላውን ሁሉ ሳትደብቁ ዘርዝሩ፤ ጾምም ይሁን ስለት፣ እጦትም ይሁን ሐዘን፣ ምንም አታስቀሩ። ምስራችሁን አትለውጡ። ኦቾሎኒ፣ ባቄላ፣ ዓሣ፣ ወተት፣ ያገኛችሁትን ጥቂትም ብትሆን ከዱራው ጋር ስጡት። ሂዱ ቢሏችሁ አትሂዱ፤ በሩ ላይ ቁሙ። እኔ ጨዋ ሆኜ ሦስት ጊዜ ተመልሻለሁ፤ ጨዋነቴ ባሌን ሊገድልብኝ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ለአስታማሚዋ ብቻ። አዱኛ በእነዚያ ወራት የተናገረኝን አንዱንም አያስታውስም ነበር። እኔ ሁሉንም አስታውሳለሁ። ብዙ ጊዜ «ምን ብዬሽ ነበር?» ብሎ ጠይቆኛል፤ እኔም «አሞህ ነበር» እለዋለሁ። ሌላ አልነገርኩትም። የእናንተንም ልብ የበሽተኛው ቃል ይሰብረዋል፤ አትመልሱለት፣ ዝም ብላችሁ አብሉት። ተመልሶ የሚመጣው ሰው ያን አልተናገረም።